ለሺ እግሯ ባል ፍለጋ

በሰፈራችን በመጠጥ ምክንያት ሽማግሌ የተላከበት ሰው እኔ ነኝ። የሚጠጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ አጥር ተደግፈው የሚሄዱ፣ አጥሩ ሲያልቅባቸው የሚቀመጡ። ለእነሱ ማንም አልሄደም። የተላከው ለእኔ ነው። ሰርግ ቤት አንድ ብርጭቆ ጠላ ተቀብዬ፣ ቀኑን ሙሉ በእጄ ይዤ፣ ስወጣ እንደ ሞላ ለባለቤቱ ለማስረክበው ለእኔ! እንዲያውም አንዷ አስተናጋጅ «ሰውዬው የሚጠጣው ነው ወይስ የሚጠብቀው?» ብላ ጠይቃለች አሉ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ ሺ እግር ነው። አዎ፣ ያ ዝናብ ሲዘንብ ግድግዳ ሥር የሚርመሰመሰው፣ ሲነኩት እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር የሚጠቀለለው። ቆይ ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ከመሃል ከጀመርኩ እናንተም ሽማግሌ ትልኩብኛላችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀራንዮ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ሱቅ አለችኝ። የስፌት መኪናዬና እኔ ከገባንባት በኋላ ሦስተኛ ነገር ካለ በሩ አይዘጋም። ክረምት ለእኔ የዩኒፎርም ወቅት ነው። ወላጅ ሁሉ ልጅ እንዳለው ትዝ የሚለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ያኔ እኔ ቀና ብዬ ሰማይ አላይም።

ባለፈው ክረምት ታዲያ፣ የባለቤቴ የጥሩነሽ ታናሽ እህት ማህሌት አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ማህሌት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር ጎበዝ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ለጥናቴ ሁለት ወር እናንተ ጋ ልከርም ነው» አለችኝ።

«እሰይ! ምንድን ነው የምታጠኚው?»

«የኮልፌ ቀራንዮን ሺ እግሮች።»

የታክሲ ሰልፍ መሰለኝ። ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ላይ የሚቆመውን እግር ያየ ሰው አይፈርድብኝም። «ደግ አደረግሽ፤ መንግሥትም ቢሰማ ጥሩ ነው» አልኳት።

«ሰው አይደለም ጋሼ። ሺ እግር! መሬት ላይ የሚሄደው። በዚህ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስንት ዓይነት እንዳለ እለያለሁ። ያልታወቀ ካለም አገኛለሁ።»

«ሺ እግር ደግሞ ዓይነት አለው? ያው ሺ እግር ሺ እግር ነው።»

«አንተ ጋ የመጣ ሰው ጨርቅ ያው ጨርቅ ነው ቢልህስ?»

ካርቶኗን አንሥቼ ወደ ውስጥ አስገባሁላት። በሙያዬ የመጣብኝን ሰው አልችለውም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልናዘዝ። የሚሳብ ነገር እፈራለሁ። ከሚሳብ ነገር ሁሉ የምቀርበው ዚፕ ብቻ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ግን፣ ጥሩነሽ በዚያው ሳምንት ፈረደችብኝ። «ልጅቷ ብቻዋን ገደል ለገደል ስትዞር ዝም ብለህ ታያለህ? ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሳትከፍት አብረሃት ውጣ» አለች። ሚስቴ ስትለምን ነው እንጂ ስታዝ ክርክር የለም። ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከቀራንዮ ቁልቁል ወዳለው ወንዝ ወረድን። ማህሌት የበሰበሰ ግንድ ትገለብጣለች፣ ቅጠል ትበረብራለች፣ ባገኘች ቁጥር ሎተሪ እንደ ደረሰው ሰው ትጮሃለች። እግረ መንገዷን ታስተምረኛለች። የሚናከሰው መቶ እግር ነው፤ ሺ እግር ግን የበሰበሰ ቅጠል እየበላ የሚኖር ምስኪን ነው። ነፍሳት ውስጥ እንኳን አይቆጠርም፤ የነፍሳት እግር ስድስት ነው። ሺ የሚባለውም የስም ነው እንጂ፣ አንዱን ይዤ ብቆጥር ሁለት መቶ ሳልደርስ ተጠቀለለብኝ።

«እንግዲያው እግሩ በበዛ ቁጥር ጠባዩ እየተሻለ ይሄዳል ማለት ነው?» አልኳት።

«እንደዚያ ጽፎ የሚያስረክብ ተማሪ ይወድቃል» አለችኝ።

ቀስ በቀስ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ለቀቀኝና ጭራሽ ባሰብኝ። አንድ የወደቀ ባሕር ዛፍ ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር ገብቶ ሲያመልጠኝ፣ እልህ ይዞኝ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁና ክንዴን እስከ ትከሻዬ ግንዱ ሥር ከተትኩ። በዚህ ጊዜ ከበላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?»

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ በቀለ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ። ማህሌት ደግሞ ራቅ ብላ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለገባች አትታይም።

አሁን እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ግን ያንን የሚያህል ሰውዬ፣ ባለ ትዳርና ባለ ሙያ፣ «ሺ እግር እየሰበሰብኩ ነው» ብሎ ለእድር ሊቀመንበር እንዴት ይናገራል?

«ደህና ነኝ ጋሽ በቀለ። ትንሽ ጋደም ብዬ ነው።»

«ጭቃው ላይ?»

«ነፋሻ ነው።»

ጋሽ በቀለ ጃንጥላቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣ ዝናቡ ፊቴን እንዳይመታኝ፣ ትንሽ ቆሙልኝና ሄዱ። ደግ ሰው ናቸው። ለሚስታቸው ምን ብለው እንደሚነግሯቸው ያኔ ገምቼ ቢሆን ኖሮ ሮጬ እደርስባቸው ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ጣቶቼ ላይ ወጣ። ሺ እግር ሲደነግጥ ጎኑ ላይ ካሉ ቀዳዳዎች የሚሸት ፈሳሽ ይረጫል። የነካው ቆዳ ቡኒ ይሆናል። ሳሙና አይለቀውም፣ ሎሚ አይለቀውም፣ ነጭ ጋዝም ሞክሬ ነበር። በማግስቱ ሱቄ ገብቼ አንድ ነጭ የተማሪ ሸሚዝ ስተኩስ፣ ሆዱ ላይ አምስት የጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ምን ላድርግ? በላዩ ላይ ኪስ ሰፋሁበት። የልጁ እናት ሸሚዙን ገልብጣ ገላልጣ አይታ «ይሄ ኪስ ለምን እንብርቱ ላይ ሆነ?» ስትለኝ፣ «የዘንድሮ ፋሽን ነው» አልኳት። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌላ እናት እንደዚያ ያለ ስፋልኝ ብላ መጣች።

ክር የምገዛው ከሐጂ ኑሩ ነው። ሐጂ በሰፈራችን የተከበሩ አዛውንት ናቸው፤ ሱቃቸው ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ክሩን ሲሰጡኝ ዓይናቸው ጣቶቼ ላይ ቀረ።

«መቼ ጀመርክ?» አሉኝ በዝግታ።

«ምኑን ሐጂ?»

«ትምባሆውን።»

«ትምባሆ አይደለም! ቀለም ነው።»

«የምን ቀለም?»

እጆቼን ኪሴ ከተትኩ። «የተፈጥሮ» አልኩ።

ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ክሩን ሲጠቀልሉልኝ እጃቸው ከወትሮው ይልቅ ቀስ አለ፤ የታመመ ሰው ሲያስታምሙ እንደሚደረገው።

እቤት ውስጥ ደግሞ ጠርሙሶቹ ተደረደሩ። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ማህሌት ከትምህርት ቤቷ የተዋሰችው ትንሽ ማይክሮስኮፕ ቆመ፤ እኛ ጭናችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን። ነሐሴ ሲጋመስ አሥራ አንድ ዓይነት ሺ እግር ለየች። ጥቁር፣ ቡኒ፣ እንደ ሽቦ ቀጭን፣ ጠፍጣፋ፣ ፀጉራም። እኔም ለካ ለመድኩ፤ ሰው ሲያወራኝ ዓይኔ የሚያርፈው ከግድግዳው ሥር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ማህሌት ከጓሯችን ጮኸች። አማቴ ከወልቂጤ አምጥተው የተከሉልን እንሰት አለ፤ ከእሱ ሥር፣ ከበሰበሰው ቅጠል ውስጥ፣ ርዝመቷ ከመርፌ የማይበልጥ፣ ቀይ፣ በግራና በቀኝ ጎኗ ነጭ ነጠብጣብ የተሰደረላት ሺ እግር አገኘች። ገደል ለገደል ስንንከራተት ከርመን ጓሯችን ውስጥ! ሦስት ቀን ሙሉ መጽሐፍ ስታገላብጥ ቆየችና «ጋሼ፣ ይቺን እስካሁን ያወቃት ሰው ያለ አይመስለኝም» አለችኝ። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «ግን ሴት ናት።»

«ሴት ብትሆን ምናለበት?»

«ሺ እግር በሴቷ አይለይም። ዓይነቱ የሚታወቀው በወንዱ ነው። ወንዱ ሰባተኛው የሰውነት ቀለበቱ ላይ ያሉት እግሮቹ ተለውጠው ለ…»

ጥሩነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«…ለጋብቻ ያገለግላሉ» አለች ማህሌት ቃል መርጣ። «ቅርጻቸው በእያንዳንዱ ዓይነት ይለያያል። እንደ ቁልፍ በለው። ወንዱን ካላገኘሁ አዲስ ነው ብዬ አፌን መክፈት አልችልም።»

እኔ ጣሪያውን እያየሁ «ወንዱም ይገኛል» አልኩ።

አልተገኘም። ጳጉሜን እየቀረበ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ መሬት ውስጥ ጠልቀው ይገባሉ። አማካሪዋ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ርዕሱን አልወደዱትም ነበር። «የታወቁትን ዘርዝረሽ ብታመጪልኝ የሰው ሥራ መድገም ነው» ብለዋታል። አንድ ቀን ልብስ ስታጥብ ደረስኩባት፤ ከሳፋው ጎን ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጓደኞቼ ‹ዶክተር ሺ እግር› ነው የሚሉኝ። ምን ትሠሪያለሽ ሲሉኝ መናገር እያፈርኩ መጣሁ ጋሼ።»

ጭቃው ላይ ተኝቼ «ነፋሻ ነው» ያልኩት መጣብኝ። እሷን የሚያሳፍሯት ሌሎች መስለውኝ ነበር፤ ለካ እኔም አንዱ ነኝ። አፈርኩ። ግን ያፈርኩት በልቤ ነው፤ ከአፌ ምንም አልወጣም።

በዚያ ላይ የናሙናዎቹ አልኮል አለቀ። የሚሸጡት ሱቆች «የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት» ይላሉ። ማህሌት ተጨነቀች፤ ካልተነከሩ ይበሰብሳሉ። «ለጊዜው ጠንካራ አረቄ ቢገኝ ይይዝልን ነበር» አለች። ሁለት ጊዜ የተጣራ ዳግም አረቄ የሚያወጡ እናት አስኮ እንዳሉ ጠያይቄ፣ አምስት ሊትር ጄሪካን ይዤ ሄድኩ።

ሴትዮዋ ሲቀዱልኝ «ድግስ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፤ እቤት የሚነከር ነገር አለ» አልኩ። ከዚህ የተሻለ መልስ ሊኖር ይችል ነበር።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ጄሪካኑን እግሬ መሃል አስቀመጥኩ። ቀና ስል አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ የጋሽ በቀለ ባለቤት። ከሰፈራችን ሴቶች ሁሉ ዓይንም አንደበትም የሚፈጥነው የእሳቸው ነው። ሰላም ተባባልን። መንገዱ ላይ ያለውን ጉብታ ስንዘል የጄሪካኑ ክዳን ላላ አለ። ሽታው ታክሲውን ሞላው። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ «ኧረ መስኮት ክፈቱ፣ ሹፌራችን እንዳይሰክር!» አለ። ሰዉ ሳቀ። እትዬ ዘነበች አልሳቁም።

«ምንድን ነው እሱ ልጄ?»

«መድኃኒት ነው እትዬ።»

«ለምን?»

«ለእግር።»

«ማን እግሩን አመመው?»

ውሸት ስላልለመድኩ በግማሹ እውነት እቀላቅልበታለሁ፤ ያ ነው የሚያጠፋኝ። «የብዙ ነው» አልኳቸው።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳብ አድርገው «እግዚአብሔር ይማርህ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

እሑድ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ጋሽ በቀለ ከረባት አስረው፣ ሐጂ ኑሩ የዒድ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ እትዬ ዘነበች ነጭ በነጭ ሆነው ቆመዋል። ሦስት ሽማግሌ፣ ንጹሕ ልብስ፣ የተቆጠበ ፈገግታ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ወደ ጓዳ ገብቼ ጥሩነሽን «ለማህሌት ነው! ለጋብቻ ሊጠይቋት መጡ!» አልኳት። ጥሩነሽ ቀሚስ ቀየረች። ማህሌት ጓሮ እንሰቱ ሥር ናት፤ እንደ ወጉ አትጠራም።

እንግዶቹን ካስቀመጥን በኋላ ጋሽ በቀለ ተነሡና ከረባታቸውን አስተካከሉ። «መቼም ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በ…» ብለው ጀምረው ድንገት ቆሙ። እትዬ ዘነበች በክርናቸው ጎሸሟቸው። «ነገር በምሳሌ ነው ብቻ» አሉ ጋሽ በቀለ። «የመጣነው ስለ እሷ ነው።»

«ገብቶኛል» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ካወቅከውማ ግማሹ አለቀ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐምሌ ጀምሮ እቤት ናት።»

«እቤት ውስጥ!» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ታዲያ የት ትሁን እትዬ? እኔማ መጀመሪያ እፈራ ነበር፤ ጥሩነሽ ናት የገፋፋችኝ። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር ካልሆንኩ ቀኑ ቀን አይመስለኝም።»

«ያ አላህ!» አሉ ሐጂ ኑሩ። «ጠዋት በባዶ ሆድ?»

ጥያቄው ትንሽ ገረመኝ፤ ግን ሽማግሌ ብዙ ነገር ይጠይቃል። «አንዳንዴ ቁርስ እንበላለን» አልኩ።

ጋሽ በቀለ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ልጄ፣ እሷን መተው አይሻልም?»

«መተውማ የግድ ነው ጋሽ በቀለ፤ ዕድሜ ልኬን ይዣት አልኖርም። ግን ለደህና ሰው ነው የምሰጣት።»

«ጭራሽ ለሌላ ሰው?»

«ለሚያከብራት።»

እትዬ ዘነበች ወደ ጥሩነሽ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? ምነው ዝም አልሽ?»

ጥሩነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እኔማ ከቤቴ የወጣች ቀን ማልቀሴ ነው። ቤቱ እኮ የሞቀው በእሷ ነው።»

ጋሽ በቀለ ተቀመጡ። ለሐጂ ኑሩ «ሁለቱም ናቸው» ሲሏቸው ሰማሁ። ከዚያ እንደ ምንም አቅማቸውን ሰብስበው «ጥሩነሽም ትቀምሳለች ማለት ነው?» አሉኝ።

«ምኗን?»

«አረቄዋን ነዋ!»

እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ያወራሁትን ሁሉ ወደ ኋላ እያሰብኩ ሳለ የጓሮው በር ተከፈተና ማህሌት ገባች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ፀጉሯ ላይ ቅጠል፣ በእጇ ባዶ ጠርሙስ።

«ጋሼ፣ አረቄው አለቀ!» አለች።

«ልጅቷንም!» ብለው እትዬ ዘነበች በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

ከዚህ በላይ መደበቂያ አልነበረም። ተነሣሁ። «ሺ እግር ነው የምንሰበስበው» አልኩ። ጭቃው ላይ የተኛሁበትን፣ የጣቴን ቡኒ፣ የጄሪካኑን ነገር አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። በመጨረሻም ወደ ማህሌት ዞሬ «ይሄ ሁሉ የመጣው እኔ ያንቺን ሥራ ሰው ፊት መናገር አፍሬ ነው። ይቅር በይኝ» አልኳት። ማህሌት ጠርሙሱን እንደያዘች ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቋ ገንፍሎ ወጣ። እሷ ስትስቅ ጥሩነሽ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሐጂ። ጋሽ በቀለ ግን አልሳቁም። የመምህርነት ዓይናቸው በርቶ «አሳዩኝ» አሉ።

ጠርሙሶቹን አሳየናቸው። ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አድርገው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳሉ። «አርባ ዓመት በዚህ ሰፈር ስኖር አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሁለት!» ሐጂ ኑሩ ጣቶቼን ይዘው ወደ ብርሃኑ አቀረቧቸውና «አውፍ በለኝ ልጄ፣ በትምባሆ አማሁህ» አሉኝ። እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ከዚህ አላልፍም አሉ።

«ታዲያ አሁን ምን ቀረሽ?» ብለው ጋሽ በቀለ ማህሌትን ጠየቋት።

«ወንዱ» አለች። «ለእንሰት ሥሯ ሴት ወንድ አጣሁላት። በዚህ ሳምንት ካልተገኘ ክረምቱ ወጣ፤ የእኔም ነገር አለቀ።»

ጋሽ በቀለ ኮታቸውን ቆለፉ። «ሴት ልጅ ባል ጠፍቶባት ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያያል እንዴ? እንሂድ!»

እንዲህ ሆኖ የእድራችን ሊቀመንበር ከነከረባታቸው ጓሯችን ውስጥ ጋዜጣ ላይ ተንበረከኩ። ሐጂ ኑሩ ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው በጃንጥላ ጫፍ ቅጠል ይገልጣሉ። «ቀስ በሉ ሐጂ፣ ሙሽራውን እንዳይወጉት!» ይላሉ ጋሽ በቀለ። እትዬ ዘነበች ከማድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሆነው «እኔ ለእንዲህ ያለ ሽምግልና አልተፈጠርኩም» ይላሉ። አንድ ሰዓት ያህል ፈለግን። ቀንድ አውጣ አገኘን፤ ከዓመት በፊት የጠፋ ማንኪያችንን አገኘን፤ ሴት ሺ እግር ሁለት አገኘን። ወንድ የለም። ማህሌት እየቆፈረች እየቆፈረች ጥፍሯ ደም ቋጥሯል።

ካፊያው ሲጀምር ከደረጃው በኩል «ወይኔ እናቴ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ቀጥሎ ጧ!

ዞርን። እትዬ ዘነበች አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በአንድ እግራቸው ቆመዋል። «ገደልኩት!» አሉ በኩራት። «ወደ እግሬ ሊወጣ ነበር!»

ማህሌት ሄዳ ደረጃው ላይ ተንበረከከች። ቀይ ነው። ነጭ ነጠብጣብ አለው። አጉሊ መነጽሯን አወጣች። 

«ወንድ ነው» አለች በሹክሹክታ።

እትዬ ዘነበች ጫማውን ጥለው እርጥቡ ደረጃ ላይ ዘፍ አሉ። «የልጅቷን ዲግሪ ገደልኩት! በቀለ፣ ዲግሪዋን ገደልኩት!» ብለው አለቀሱ። የእውነት እንባ ነው። ማህሌት ግን አሁንም አጎንብሳ ታያለች። ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

«ጅራቱ ነው!» ብላ ብድግ አለች። «እትዬ፣ የመቱት ጅራቱን ነው! ሰባተኛው ቀለበት ደህና ነው!» ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፤ ጭቃዋን ሁሉ በነጩ ነጠላ ላይ አተመችው።

ቀሪው ሥራ እቤት ውስጥ ነው። እነዚያን ሁለት ለጋብቻ የሚያገለግሉ እግሮች ከሰውነቱ ነጥሎ ማውጣት ያስፈልጋል፤ መጠናቸው ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። ማህሌት በደማ ጥፍሯ መቆንጠጫ አነሣች። ሁለቴ ሞክራ ተወችው። «ጋሼ፣ አልችልም።»

ከመርፌዎቼ ቀጭኗን አመጣሁ። ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ የተሳሳተ ስፌት ጨርቁ ሳይቀደድ እንደሚፈታው ነው። ትንፋሼን ይዤ፣ እሷ እየመራችኝ፣ አንዱን አላቀቅሁ፤ ሌላውንም። ቀና ስል ሦስቱም ሽማግሌዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ ሐጂ ኑሩ ከንፈራቸው በዱዓ ይንቀሳቀሳል።

ማህሌት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ከመጻሕፍቱ የሣለቻቸውን ሥዕሎች ሁሉ አንድ በአንድ አስተያየች። «ከአንዱም ጋር አይመሳሰልም!» አለች።

በየተራ አየን። እንደ ኪሮሽ መንጠቆ ጫፋቸው የተቆለመመ፣ እንደ ማር የጠሩ ሁለት ነገሮች። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ እምቢ አሉ። በኋላ ቀርበው ከሁላችንም በላይ አዩ። ሲነሡ «ቆንጆ ነበር» ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው።

ማህሌት ፎቶውን ሺ እግር ለሚያጠኑ አንድ የውጭ አገር ሊቅ ላከችላቸው። ከወር በኋላ «የማውቀውን አይመስልም፤ ሌላም ፈልጊ» ብለው መለሱ። መሬቱ ሳይደርቅ ሁለት ወንድ ጨምረን አግኝተን ነበር፤ አንዱን ያገኙት ሐጂ ኑሩ ናቸው፣ ከሱቃቸው ጀርባ። አማካሪዋም ፊታቸው በራ። ጋሽ በቀለ ደግሞ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ወንድማችን ጠጪ አይደለም፤ ሺ እግር ነው የሚሰበስበው» ብለው ስሜን አጸዱልኝ። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ጠጪ ቢሆን ይሻለው ነበር» ሲል ሰምቻለሁ።

ጥር ላይ ማህሌት ጥናቷን በመምህራን ፊት የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ሁላችንም ሄድን። በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ተደረደርን። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ስትናገር አንድም ቃል ሳይገባን ራሳችንን ነቀነቅን። በጥሩ ቦታ ላይ ነቀነቅን መሰለኝ።

ፈታኙ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ እኛን አዩና «አባቶችም እንዲገባቸው አንዷን በአማርኛ ልጠይቅ» አሉ። ግድግዳው ላይ የበራውን የዚያን የመጀመሪያውን ወንድ ምስል አመለከቱ። «ይህ ናሙና የኋላ አካሉ ተጨፍልቋል። በሌሎቹ ሁሉ መለያ ወረቀት ላይ የአሰባሰብ ዘዴ ‹በእጅ› ተብሎ ተሞልቷል። የዚህኛው ቦታ ባዶ ነው። እንዴት ነው የተሰበሰበው?»

ማህሌት ወለሉን አየች። አልመለሰችም። ፈታኙ ብዕራቸውን አነሡ።

አጠገቤ ወንበር ተንቋቋ። እትዬ ዘነበች ቆመዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልጅቷ ላይ እንዳትፈርዱ። እኔን ላለማጋለጥ ነው ዝም ያለችው። ሳላውቅ ነው የመታሁት፣ በዚህ ጫማ።» ከቀሚሳቸው ሥር እግራቸውን አውጥተው አሳዩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ፈታኙም ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ «ሙሉ ስምዎት ማን ይባላል እናቴ?» አሏቸው።

«ምነው? ልትከሰኝ ነው?»

«አይደለም። ናሙናው ሲቀመጥ ያገኘው ሰው ስም አብሮት ይጻፋል። ወደፊት ይህን ሺ እግር የሚያጠና ሁሉ ያነበዋል።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን መለሱ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው፣ ፈታኙ እንዳይሳሳቱ ቆም እያሉ፣ ሦስት ጊዜ ተናገሩ። ማህሌት ብዕር አንሥታ በዚያች ከጥፍር በማትበልጥ የናሙናው መለያ ወረቀት ላይ ስማቸውን ጻፈች። ቀጥሎ ባዶ ወደ ነበረው ቦታ ወረደችና በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ «በጫማ» ብላ ሞላችው።